ለድንቢጥ የሚሆን መርፌ

እናቴ ደም ቀጂ ነበረች። እንዲህ ብዬ ስጀምር የሰው ፊት ስለሚለዋወጥ ቶሎ ብዬ «ሆስፒታል ውስጥ፣ ሕፃናት ክፍል» እላለሁ። ከጎልማሳ ክንድ ደም መቅዳት ነርስ ሁሉ የሚለምደው ነገር ነው። ከተወለደ ሳምንት ያልሞላው፣ ደም ሥሩ ከስፌት ክር የቀጠነ ጨቅላ እጅ ላይ መርፌ ማሳረፍ ግን ሌላ ሙያ ነው። ባልደረቦቿ እጇ ሲያርፍ አይታወቅም ብለው «ላባ» የሚል ስም አወጡላት። ስሙ ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥቶ ሰፈር ገባ፤ ከሰፈርም ቤታችን ደረሰ። እኛ ልጆቿ ግን ብዙም አላመንበትም። ጠጉራችንን ስታጥበን ያ ላባነቷ የት እንደሚሸሸግ እንጃ፣ ጭንቅላታችን ከአንገታችን ሊነቀል ምንም አይቀረውም ነበር።

አባቴ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። ኩላሊቱን ታሞ ሲሞት እኔ ገና እየዳህኩ ነበር፤ ወንድሜና እህቴ ትምህርት ቤት ጀምረዋል። እናቴ ከዚያ በኋላ የሌሊት ተራ እየመረጠች ትሠራ ነበር፣ ቀን ቀን ከእኛ ጋር ለመሆን። ከሰዓት በኋላ አክስቴ፣ የአባቴ ታላቅ እህት፣ ከልብስ ስፌት ሥራዋ ስትወጣ ወደ እኛ ትመጣለች። ያም ሆኖ እናቴን ከልጅነቴ የማስታውሳት ቆማ ነው፤ ቆማ ስታጥብ፣ ቆማ ስትበላ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ስታንቀላፋ። የአንገቷ ሥር አጥንት ይቆጠር ነበር። ጎረቤቶች «ምስኪን፣ ጭንቀት ጨረሳት» ሲሉ እሰማለሁ። እኔም እንደዚያው አምኜ አደግሁ፤ እኛ ሦስታችን እናታችንን እንደበላናት፣ ዕድሜዋን እንደተካፈልናት። ይህን ሐሳብ ለማንም ሳልነግር ትልቅ ሰው ሆንኩ። ማተሚያ ቤት ተቀጠርኩ። ወንድሜና እህቴ አግብተው ሲወጡ እኔ አብሬያት ቀረሁ።

ጡረታ ስትወጣ ታርፋለች ብለን ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ቁም ሣጥኑን አራግፋ መልሳ ደረደረችው። ቀጥሎ የተተኮሰ ልብስ ደግማ ተኮሰች። ኋላ መተኮሱንም ተወችውና እስከ ረፋድ አልጋ ላይ መዋል ጀመረች። ከሥራ ስመለስ መጋረጃው ጠዋት እንደተውኩት ተዘግቶ አገኘዋለሁ።

«አሞሽ ነው እማ?»

«ምን ያመኛል? የምሠራው ነገር የለኝም እኮ።»

ይህ መልስ ከሕመም የባሰ አስፈራኝ።

አንድ ቅዳሜ የግፊት መድኃኒቷን ልንገዛ አብረን ፋርማሲ ሄድን። ከፊታችን አንዲት ወጣት ሴት ቆማለች፤ ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ነው፣ ቦርሳዋ ላይ ሣር ተጣብቋል። ፋርማሲስቱን «ካላችሁ ሁሉ የቀጠነውን መርፌ ስጠኝ» አለችው።

«ለስንት ዓመት ልጅ ነው?»

«ለድንቢጥ ነው።»

ፋርማሲስቱ እጁ መሳቢያው ላይ ቀረ። እናቴ ግን አንገቷን ከኋላ አስግጋ፣ ልክ የጎረቤት ልጅ ታመመ እንደተባለች፣ «ውይ! ምን ሆና ነው?» አለች።

«ምንም አልሆነችም። ደሟን ልቀዳ ብዬ ነው።»

«ከየቷ ነው የምትቀጂው?»

«ከክንፏ ሥር። እሱም እጄ እሺ ሲለኝ ነው» አለች ወጣቷ፣ ራሷን እየወቀሰች። በዩኒቨርሲቲው ወፎችን የምታጠና ዶክተር እንደሆነች፣ ረዳቷ ሌላ ሥራ አግኝቶ እንደሄደ፣ ብቻዋን ወፏን ይዛ ብቻዋን መቅዳት እንዳቃታት ነገረችን። እንዲያው ሆድ ብሷት ኖሯል፤ ሰው ሲጠይቃት ዘረገፈችው።

እኔ ምላሴ አላስቻለኝም። «እናቴ እኮ የጨቅላ ደም ቀጂ ነበረች» አልኩ። እናቴ በክርኗ ጎሸመችኝ፤ ፈገግታዋ ግን አመለጣት።

ዶክተሯ ዞር ብላ የእናቴን እጆች አየች። «ሲስተር፣ አንድ ቀን ብቻ መጥተው ቢያዩልኝስ?»

«እኔ? ዶሮ ሲታረድ እንኳ ፊቴን የማዞር ሴት ነኝ!»

«የሚታረድ የለም። አንድ ጠብታ ወስደን እንለቃታለን።»

«እስቲ አስብበታለሁ» አለች እናቴ ኮራ ብላ። ቤት እንደገባን መድኃኒቷን ሳታስቀምጥ ከአልጋ ሥር የሥራ ጫማዋን ስትፈልግ አገኘኋት።

የዶክተሯ የሥራ ቦታ ከከተማው ጫፍ ያለ አሮጌ የፍራፍሬ እርሻ ነው። በየዛፉ ላይ የፖስታ ሣጥን የሚያክሉ የእንጨት ቤቶች ተቸንክረዋል፤ ድንቢጦቹ በየቤቱ ጎጆ ሠርተዋል። መሃል ላይ ግድግዳ የሌለው የቆርቆሮ ጣራ፣ ከሥሩ አንድ ጠረጴዛ፣ ትንሽ ሚዛን፣ በረዶ የተሞላ ሣጥን አለ። እናት ወፏ ለልጆቿ ምግብ ይዛ ስትገባ የቤቷ መዝጊያ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ሩጫ ነው።

«ምን ያሯሩጠናል?» አለች እናቴ በመጀመሪያው ቀን፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ።

«ወፏ ስትያዝ ትደነግጣለች፤ ስትደነግጥ ኮርቲኮስቴሮን የሚባል ሆርሞን ደሟ ውስጥ ይጎርፋል» አለች ዶክተሯ። «የጭንቀት ሆርሞን የሚሉት ነው። እስኪጎርፍ ግን ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ከቀዳን፣ እኛ ከመድረሳችን በፊት እንዴት ሆና እንደዋለች ደሟ ይነግረናል። ከዚያ ካለፈ የምንለካው የእሷን ኑሮ ሳይሆን የእኛን መምጣት ነው።»

የእናቴ የመጀመሪያ ሙከራ አልተሳካም። መርፌው ደም ሥሩን ወግቶ አለፈው፤ ከክንፏ ሥር ቆዳው ሰማያዊ ሆኖ አበጠ። ዶክተሯ በጥጥ ጫን አድርጋ ያዘችላትና ወፏን ለቀቀቻት። ወፏ በደህና በረረች፤ እናቴ ግን አመሻሹን ቤት ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ሕፃን ያለቅሳል» አለችኝ። «ጩኸቱ ጠበቅ አድርጊ፣ ላላ አድርጊ ብሎ ይነግረኛል። እሷ ግን ዝም ብላ ታየኛለች። ልቧ እጄ ውስጥ እንደ ሞተር ይመታል፣ ዓይኗ ግን ዝም። አልችልም፣ ይቅርብኝ።»

በማግስቱ ዶክተሯ ራሷ በራችን ድረስ መጣች። ሻይ ቀርቦላት ሳትጠጣው የእናቴን እጅ ይዛ፣ ወፍ እንዴት እንደምትያዝ በተጠቀለለ ካልሲ አሳየቻት፤ አንገቷ በሁለት ጣት መሃል፣ ደረቷ ሳይጨፈለቅ፣ ወፍ የምትተነፍሰው ደረቷን እያነሳች ስለሆነ። ከክንፉ ሥር ያለውን ለስላሳ ላባ በረጠበ ጥጥ ገለል ሲያደርጉት ደም ሥሩ ቁልጭ ብሎ እንደሚታይ፣ ከመሳብ ይልቅ ወጋ አድርጎ ብቅ የምትለዋን ጠብታ በቀጭን የመስታወት ቱቦ መቀበል እንደሚሻል ነገረቻት። እናቴ እንደ ተማሪ ጎንበስ ብላ ሰማች። ካልሲው የእኔ ነበር፤ እስከ ዛሬ አልተመለሰልኝም።

ቀስ በቀስ ለመደችው። ማለዳ ከእኔ ቀድማ የምትወጣ ሆነች። መጋረጃው ተከፍቶ ይውላል። ቅዳሜ ቅዳሜ እኔም እየሄድኩ መሰላል እይዛለሁ። ሁለቱ ሴቶች ሥራ ላይ ሲሆኑ ብዙ አያወሩም፤ አንዷ «እህ» ትላለች፣ ሌላዋ «እህ» ብላ ትመልሳለች፤ ወፏ ብድግ ብላ ትሄዳለች።

የተጣሉት በጫጩቶቹ ምክንያት ነው። ዶክተሯ ልታውቅ የምትፈልገው የሥራ ብዛት የእናቲቱን ሆርሞን ምን ያህል እንደሚለውጠው ነበር። ስለዚህ ከአንዳንዱ ጎጆ ጫጩት ወስዳ ለሌላው ትጨምራለች። አንዷ እናት ቀለል ይልላታል፣ ሌላዋ ይከብዳታል። ከከበዳቸው መካከል ለአንዳንዶቹ ደግሞ ከጎጆው አጠገብ ትል ታስቀምጥላቸዋለች፤ ለሌሎቹ አታስቀምጥም።

«የሰው ልጅ ጨምረሽ አሸከምሻት?» አለች እናቴ ዓይኗን አፍጥጣ።

«የድንቢጥ ልጅ ነው፣ ሲስተር።»

«አትቀልጂ! የራሷ መች አነሳት?»

በተለይ አንዷ ታንገበግባት ነበር። እግሯ ላይ ቀይ ቀለበት ስላለባት እናቴ «ቀዮ» ትላታለች። ቀዮ ሁለት የእንግዳ ጫጩት ተጨምሮባታል፣ ትል ከማይሰጣቸው ወገን ናት። በዚያ ላይ ባሏን ጭልፊት በላው፤ ላባው ከዛፉ ሥር ተበትኖ እናቴ ራሷ አገኘችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዮ ለብቻዋ ስትመላለስ ትውላለች፤ አባ ጨጓሬ በአፏ ይዛ ትገባለች፣ አፏን ሳትጠርግ ትወጣለች።

የደሙ ውጤት ከላቦራቶሪ ሲመጣ ቅዳሜ ስለነበር እኔም ነበርኩ። የቀዮ ሆርሞን ከሁሉም በላይ ሆኖ ተገኘ።

«ምን አልኩሽ!» አለች እናቴ ጠረጴዛውን በመዳፏ መትታ። «ጭንቀት ሊገድላት ነው!»

ዶክተሯ ተጣጣፊ ወንበር ስባ ከእናቴ ፊት ተቀመጠች።

«ሲስተር፣ ይህ የጭንቀት ሆርሞን የሚለው ስም እኛንም ሲያሳስተን ነው የኖረው። ሆርሞኑ ዋና ሥራው ጭንቀት አይደለም። የጓዳ ቁልፍ ያዥ በሉት። ሰውነት ጉልበት ሲፈልግ ቁልፉን ይዞ ይሄድና ጓዳውን ይከፍታል፤ የተቀመጠውን ስብ፣ ስኳሩን፣ ያለውን ሁሉ ያወጣል። ብርድ ሲሆን ይከፍታል። እንቁላል ስትጥል ይከፍታል። ልጆች ስታበላ ደጋግሞ ይከፍታል። እንግዳ በዝቶባት ጓዳ ስትገባ ስትወጣ የምትውል ሴት አይተው ተጨነቀች ይላሉ?»

«እያስተናገደች ነዋ» አለች እናቴ በቀስታ።

«እያስተናገደች ነው። ቀዮም እያስተናገደች ነው። ክብደቷን አይተነዋል፣ ብዙ አልቀነሰም። ጫጩቶቹ እያደጉ ናቸው። ሆርሞኗ ከፍ ያለው ሥራዋ ከፍ ስላለ ነው።»

«እና መቼ ነው ጭንቅ የሚሆነው?»

«ጓዳው ባዶ ሲሆን። ቁልፉ ይከፍታል፣ ውስጡ ምንም የለም። ያኔ ሆርሞኑ ከልክ አልፎ ይወጣል፤ ወፏም ልጆቿን ትታ ራሷን ለማዳን ትሄዳለች። ክፋት አይደለም፤ ከሞተች ለማንም አትሆንም።»

እናቴ ከዚያ በኋላ ጥጥ ስትጠቀልል፣ ቱቦ ስትደረድር፣ ሐሳቧ ሌላ ቦታ ነበር።

ዝናቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ያላቋረጠ፣ ብርድ የተቀላቀለበት ዝናብ። ማተሚያ ቤታችን መብራት ጠፍቶበት ሥራ ስለቆመ እኔም ከእናቴ ጋር ወደ እርሻው ሄድኩ። የቆርቆሮው ጣራ ይንጫጫል፤ ቅጠሉ ሁሉ ተንጠልጥሎ ይንጠባጠባል፤ አንድም አባ ጨጓሬ፣ አንድም ዝንብ አይታይም። በዝናብ ነፍሳት ይደበቃሉ። ጫጩቶቹ ደግሞ ገና ላባቸው በደንብ ስላልወጣ ሙቀት ይፈልጋሉ። ባል ያላት ወፍ እሷ ስታቅፍ ባሏ ምግብ ይፈልጋል። ቀዮ ግን አንድ ናት፤ ብታቅፍ ይራባሉ፣ ብትወጣ ይበርዳቸዋል።

ከጣራው ሥር ሆነን አየናት። ትወጣለች፣ ባዶ አፏን ትመለሳለች። ጥቂት ታቅፋለች፣ ደግሞ ትወጣለች። ቀጥሎ ወጥታ ቅርንጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ላባዋን ነፍታ፣ ለጎጆዋ ጀርባዋን ሰጥታ። አልተመለሰችም።

«ትሉን እንስጣት» አለች እናቴ።

«አይቻልም ሲስተር» አለች ዶክተሯ። ድምፅዋ ደርቋል። «የእሷ ጎጆ ከማይሰጣቸው ወገን ነው። አሁን ብሰጣት የለካሁት ሁሉ ይበላሻል።»

እናቴ ትጮኻለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልጮኸችም። «ሥራሽ ነው ልጄ። እኔ አላውቅበትም» አለችና ወንበሩ ላይ ተቀምጣ እጆቿን ጭኖቿ መሃል አስገባች። ሦስታችንም ዝናቡን ስናይ ቆየን። ቀዮ ቅርንጫፉ ላይ እንዳለች ናት።

በመጨረሻ ዶክተሯ ብድግ አለች። «ቀዮን ከጥናቱ አወጣኋት።»

«ይቻላል እንዴ?» አልኩ እኔ።

«የአንድ ጎጆ መረጃ ይጎድለኛል፣ በቃ። እንዳወጣኋትም፣ ለምን እንዳወጣኋትም እጽፈዋለሁ» አለች፤ የትሉን ጣሳ እያነሳች። ከዚያም ወደ እናቴ ዞራ፣ «ምን ተቀምጠዋል፣ ይነሱ እንጂ!» አለቻት።

እናቴ በዚያ ዕድሜዋ እንደዚያ ስትሮጥ አይቼ አላውቅም። ከጎጆው አጠገብ የጣሳ ክዳን አሰርንና ትሉን አፈሰስንበት፣ ዝናብ እንዳይገባበትም የእናቴን ፕላስቲክ ኮፍያ ከላይ ዘረጋንበት። ተመልሰን ጣራው ሥር ገባን። ቀዮ አንገቷን ወዲያ ወዲህ አለች። ወርዳ ክዳኑ ጠርዝ ላይ አረፈች፣ ፈርታ ተመለሰች፣ ደግማ ወረደች። አንድ ትል ዋጠች። የመጀመሪያውን ለራሷ ነበር የበላችው። ሁለተኛውን በአፏ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ ጫጩቶቹ ሲንጫጩ ሰማን።

እናቴ አፏን በሻሽዋ ጫፍ ያዘች። ዶክተሯ ደግሞ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

ምግቡ ደጃፏ ላይ ስለሆነ ቀዮ ከዚያ በኋላ ቶሎ ቶሎ እየተመለሰች ረዘም አድርጋ ታቅፍ ጀመር። ቢሆንም በማግስቱ ጠዋት ሣጥኑን ስንከፍት ትንሿ ጫጩት ሞታ ነበር። እናቴ በጥጥ ጠቅልላ ከዛፉ ሥር ቀበረቻት። ሌሎቹ በሙሉ አደጉ፤ ዝናቡ ካቆመ በኋላ ላባቸው ሞልቶ አንድ በአንድ ከሣጥኑ ወጡ። የመጨረሻው ሲወጣ ቅርንጫፍ ስቶ እናቴ ትከሻ ላይ ሊያርፍ ትንሽ ቀርቶት ነበር።

«አሁን የቀዮ ሆርሞን ወርዶላት ይሆን?» ስትል እናቴ ዶክተሯን ጠየቀቻት።

«ትል የተሰጣቸው የሌሎቹ ወርዷል። የእሷን ግን አላውቅም» አለች ዶክተሯ። «መለካቱን ትተን ነው ያበላናት።»

በዚያ ሰሞን አንድ ምሽት ወጥ ቤት ውስጥ ሁለታችን ድንች ስንልጥ፣ ያን ዓመታት ያስቀመጥኩትን ሐሳብ እንዴት እንደሆነ ሳላውቀው ተናገርኩት። «እማ፣ አንቺም እኮ እኛን ስታሳድጊ በጭንቀት አለቅሽ» አልኳት።

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «ማን አለሽ?»

«ሰው ሁሉ ይል ነበር።»

«ሰው ሁሉ ጓዳዬን ገብቶ አይቶታል?»

ዓይኔን ወደምልጠው ድንች መለስኩ።

«ደክሞኝ ነበር፣ አዎ። ከስቼ ነበር፣ አዎ። አባታችሁን አጥቼ ማታ ማታ ትራሴን ነክሼ አልቅሻለሁ፣ እሱንም አልክድሽም። ግን ሌሊት የስንቱን ጨቅላ ደም ሳይነቃብኝ ቀድቼ፣ ጠዋት በሩን ስከፍት ሦስታችሁ በአንድ አፍ ስትንጫጩብኝ፣ ያኔ እኮ ሰው ነበርኩ። ጓዳዬ ሲከፈት ነበር የሚውለው። የተጨነቅሁትስ ጡረታ የወጣሁ ጊዜ ነው፣ የሚከፍተው ሰው ጠፍቶ።»

«ዶክተሯ ግን ሰውና ድንቢጥ አንድ አይደሉም ብላለች።»

«እኔስ መች ድንቢጥ ነኝ አልኩሽ?» አለችና ሳቀች። ድንቹን እንደገና አነሳች። ከዚያ ልጣጩ እጇ ላይ ተንጠልጥሎ እንዳለ፣ «አክስትሽ ባትኖር ግን ባዶ ይሆን ነበር» አለች።

አክስቴ እንዴት እንደነበረች ያኔ በደንብ አስታወስኩ። ከሰዓት በኋላ ስትገባ ሰላምታ አትሰጥም። እናቴን በትከሻዋ ይዛ መኝታ ክፍል ታስገባትና በሩን ከውጭ ትቆልፍባታለች። እናቴ ከውስጥ «እትዬ፣ ልብስ ዘፍዝፌያለሁ!» ስትል፣ አክስቴ ቁልፉን ኪሷ ከታ «እኔ ደግሞ አንቺን ዘፍዝፌሻለሁ፣ ዝም ብለሽ ተኚ!» ትላታለች። ልብሱን አጥባ፣ እኛን አብልታ፣ የቤት ሥራችንን እየተቆጣች አሠርታ፣ የእናቴ የሌሊት ተራ ሲደርስ በሩን ትከፍትላታለች። እኛ ያኔ ጨዋታ ይመስለን ነበር።

እሑድ ዕለት እናቴና እኔ አክስቴ ቤት ሄድን። አሁን ጉልበቷን ስለሚያማት ብዙም አትወጣም፤ አንዲት ክፍሏ ውስጥ በስፌት መኪናዋና በአልጋዋ መሃል ትውላለች። እናቴ ገና ሳትቀመጥ ስለ ድንቢጦቹ ማውራት ጀመረች። ስለ ቁልፍ ያዡ፣ ስለ ጓዳው፣ ስለ ቀዮ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ትሉ። አክስቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

«እና ያን ጊዜ ያዳኑኝ እርስዎ ነዎት፣ እትዬ» አለች እናቴ። «ሥራውማ ሥራ ነበር፣ እችለው ነበር። የቻልኩት ግን እርስዎ የጎደለኝን በደጄ ስላስቀመጡልኝ ነው። ይህን ልነግርዎ ነው የመጣሁት።»

አክስቴ ትንሽ አሰበች። «ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ወሬ ተወርቶ፣ እኔ በመጨረሻ ትሉ ነኝ?»

እናቴ ደነገጠች፤ እኔ ሳቄ አመለጠኝ። አክስቴም ሳቀች፤ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ሲያልቅ ፊቷ ተለወጠ።

«አንቺ እኔን ታመሰግኛለሽ። ወንድሜ ሲሞት እኔስ ምን የነበረኝ ይመስልሻል? ከሥራ ወጥቼ እዚች ክፍል ስገባ ግድግዳው ይበላኝ ነበር። ልጅ የለኝ፣ ባል የለኝ። የወንድሜ ልጆች ሲጮኹ ካልሰማሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። አንቺን የቆለፍኩብሽ እንድትተኚልኝ ብቻ መሰለሽ? ልጆቹን ለብቻዬ ላገኛቸው ብዬ ጭምር ነው።»

እናቴ ተነስታ አልጋው ላይ ከአጠገቧ ተቀመጠችና የአክስቴን የታመመ ጉልበት በእጇ ማሸት ጀመረች። «ቀስ በይ፣ እጅሽ ብረት ነው» አለቻት አክስቴ። እኔ መስኮት ዳር ቆሜ ሁለቱን አየኋቸው። በልቤ የነበረው ያ የቆየ ዕዳ ዕዳ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ። አልበላናትም። አስተናገደችን፤ እሷንም ሌላ ሰው አስተናገዳት፤ ያንንም ሰው የእኛ ጫጫታ አስተናገደው። ማን ለማን እንደሰጠ ለይቶ ለማወቅ ከእኔ ይልቅ ዶክተር ያስፈልጋል።

እናቴ አሁንም ወደ እርሻው ትሄዳለች። ዶክተሯ ጥናቷን ጨርሳ ሌላ ጀምራለች፤ እናቴም ከዩኒቨርሲቲው የሚመጡ ልጆችን ወፍ አያያዝ ታሳያለች፣ በካልሲ። እነሱ ሲያበላሹ ትቆጣለች፤ ሲያለቅሱ ደግሞ «እኔም አልቅሻለሁ» ትላቸዋለች።

ያን እሑድ ከአክስቴ ቤት ስንወጣ መሽቶ ነበር ማለት ይቻላል፤ የመንገድ መብራቶች መብራት ጀምረዋል። ወሬው ይዞን ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስንም። ዳቦ ቤቱ አጠገብ ስንደርስ እናቴ ቆመች። «ርቦኛል» አለች። ገብታ አንድ ትልቅ ዳቦ ገዝታ ወጣች። መንገድ ላይ መብላት ነውር ነው ብላ ያሳደገችኝ ሴት፣ እዚያው አስፋልቱ ዳር ቆማ ቆረሰችና ጎረሰች። ዓይኖቿን ጨፍና አላመጠች።

«እማ፣ ሰው ያይሻል» አልኳት።

«ይየኝ» አለች አፏ እንደሞላ፤ ግማሹንም ለእኔ ሰጠችኝ።

ገና ትኩስ ነበር።